ከታች ለሚጎትት ሞተር የቱ ካምሻፍት ይሻላል?

ጥያቄ፦ «መኪናዬ 5.7 ሊትር የሼቭሮሌት ቪ8 ሞተር አለው። ካርቡሬተር ነው፣ ኮምፕሬሽኑ 9 ለ 1፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ፣ ዲፈረንሻሉ 3.08። ሞተሩን ስለምፈታው በዚያው ካምሻፍቱን ልቀይር አስቤያለሁ። ውድድር አልገባም። የምፈልገው በደቂቃ ከ1500 ዙር ጀምሮ የሚጎትት መኪና ነው። አንዱ ጓደኛዬ 294 ዲግሪ ያለውን ግዛ፣ ትልቅ ካም ከላይም ከታችም ጉልበት ይጨምራል ይለኛል። ሌላው ደግሞ ትልቅ ሊፍት የታች ጉልበትን ይገድላል፣ ሊፍቱ ትንሽ የሆነ ፈልግ ይላል። የማንን ልስማ?»

የሁለቱንም አትስማ። ካምሻፍት ወይም ካም በጉብታዎቹ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው፤ 294 የተባለው ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ (ዱሬሽን) በሞተሩ ዙር ዲግሪ ሲለካ፣ ሊፍት ደግሞ ቫልቩ የሚከፈትበት ከፍታ ነው። 294 ዲግሪ ያለው ካም ሞተርህን ከታች ባዶ ያደርገዋል። ሊፍትን የሚፈራው ጓደኛህ መጠንቀቁ ጥሩ ነበር፤ የወነጀለው ግን ንጹሑን ነው። የታች ጉልበትን የሚበላው ቫልቩ ምን ያህል ከፍ ማለቱ አይደለም፤ ምን ያህል ተከፍቶ መቆየቱ ነው። ከዚያም ውስጥ ዋናው ማስገቢያ ቫልቩ የሚዘጋበት ቦታ ነው። ካምሻፍት ስትመርጥ አንድ ቁጥር ብቻ እይ ብትባል እሱን እይ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ በተከፈተው ማስገቢያ ቫልቭ በኩል አየርና ነዳጅ ይስባል። ታች ደርሶ ሽቅብ መመለስ ሲጀምር ቫልቩ ገና አልተዘጋም። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። በ5000 ዙር ወደ ውስጥ የሚሮጠው አየር ግስጋሴ ስላለው ፒስተኑ እየወጣበትም መግባቱን አያቆምም። በ1500 ዙር ግን ያ ግስጋሴ የለም። ፒስተኑ አሁን የሳበውን ድብልቅ መልሶ ወደ ማኒፎልዱ (ወደ ማስገቢያ ቱቦው) ይተፋዋል። ቫልቩ በመጨረሻ ሲዘጋ ሲሊንደሩ አልሞላም። ያልሞላ ሲሊንደር ደግሞ አይገፋም።

በቁጥር ላሳይህ። የተለመደው 5.7 ሼቭሮሌት ከሆነ ስትሮኩ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት) 88.4 ሚሊ ሜትር፣ የቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ርዝመት 144.8 ሚሊ ሜትር ነው። 264 ዲግሪ ያለው ካም በተለመደው አገጣጠም ማስገቢያ ቫልቩን የሚዘጋው ፒስተኑ ታች ከደረሰ ከ60 ዲግሪ በኋላ ነው። በዚያ ቅጽበት ፒስተኑ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቷል። 294 ዲግሪ ያለው በዚያው አገጣጠም የሚዘጋው 75 ዲግሪ ላይ ነው። ያኔ ፒስተኑ 26 ሚሊ ሜትር ያህል ሄዷል። መጭመቅ የሚጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ 9 ለ 1 የሚለው ኮምፕሬሽንህ በትንሹ ካም በተግባር 7.5 ለ 1 ገደማ ይሆናል። በትልቁ ግን ወደ 6.6 ለ 1 ይወርዳል። ዳይናሚክ ኮምፕሬሽን የሚሉት ይህንን ነው። 6.6 ይዞ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ነዳጁን ትረግጣለህ፣ ድምፁ ይመጣል፣ መኪናው ግን ያመነታል።

ትልልቅ ካሞች ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ዘግይቶ በመዘጋት የጠፋውን ከላይ በመጭመቅ ለማካካስ ነው። ሞተርህ 11 ለ 1 ቢሆን ኖሮ ስለ 294ቱ ሌላ ዓይነት ወሬ እናወራ ነበር። በ9 ለ 1 ግን ትልቅ ካም መግጠም ከታች ከፍለህ ከላይም በቅጡ አለማግኘት ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞተሩን ስትፈታ ፒስተን ወይም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ቀይረህ ኮምፕሬሽኑን ወደ 10.5 ካወጣኸው፣ ያው 264 ካም ዳይናሚኩን ወደ 8.7 ያደርሰዋል። በብረት ቴስታታና በተራ ቤንዚን ይህ ብዙ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ያንን ድምፅ ችላ ያለ ሰው ፒስተን ይሰብራል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፕሬሽንህን በእርግጠኝነት እወቅ፣ ካሙን ከዚያ ምረጥ። «9 ለ 1 ነው ብለውኛል» አይበቃም። ቴስታታው አንዴ ከተላገ፣ የጓርኒሲዮኑ ውፍረት ከተለወጠ ቁጥሩ ይለወጣል። ሞተሩ ሲፈታ ለክተህ አስላው።

አሁን ወደ ሊፍት። ቫልቩ ከፍ ብሎ መከፈቱ በራሱ የታች ጉልበትን አይቀንስም። እንዲያውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ አየር እንዲገባ ስለሚረዳ ይጠቅምሃል። ጠንቁ ሌላ ቦታ ነው። ከፍ ያለ ሊፍት ብዙውን ጊዜ ከረጅም ዱሬሽን ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ ሰው ሁለቱን የሚያደባልቀው ለዚህ ነው። የሊፍት ወሰን ሌላ ነው፤ ሞላዎቹና ቴስታታው ናቸው። ካሙ ታፔቱን (ጉብታው ላይ የሚያርፈውን ክፍል) 7.6 ሚሊ ሜትር ቢያነሳውና ሮከርህ (እንቅስቃሴውን አብዝቶ ለቫልቩ የሚያደርሰው ክንድ) 1.5 ቢሆን ቫልቩ 11.4 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ሮከሩን በ1.6 ብትቀይረው 12.2 ይደርሳል። የድሮ ሞላ ያንን ላይችል ይችላል። ሽቦው ተነካክቶ ድርቅ ይልና ካሙን ወይም ፑሽሮዱን ይሰብራል። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በሞላው ጥቅሎች መካከል በድምሩ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ትርፍ መኖር አለበት። ካም ስትገዛ አምራቹ ለዚያ ካም ብሎ የሚያዘውን ሞላ አብረህ ግዛ። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ዱሬሽንን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው 264 ወይም 294 አምራቹ በራሱ የመነሻ ነጥብ የለካው ነው። አንዱ ታፔቱ ገና ጥቂት ሲነሳ ይቆጥራል፣ ሌላው ትንሽ ቆይቶ። ሁለት ካሞች እኩል 270 ተብለው አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ኃይለኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ለማወዳደር የሚያገለግለው ታፔቱ 1.27 ሚሊ ሜትር ሲነሳ የተለካው ዱሬሽን ነው። አብዛኞቹ አምራቾች የሚያትሙት የጋራ መለኪያ ስለሆነ እሱን ብቻ አወዳድር። ካንተ 5.7 ሊትር ጋር ሲታይ፣ በዚህ መለኪያ ከ204 እስከ 214 ዲግሪ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ከሚዞርበት) እስከ 5000 ዙር አካባቢ ጥሩ ይሠራል። ከ214 እስከ 224 ያለው ከ1500 ወይም 1800 ጀምሮ ነው ደስ የሚለው። 230ን ሲያልፍ ጉልበቱ ከ2500 ወዲያ ይሸሻል። የጓደኛህ 294 በዚህ መለኪያ 240 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው የሚወድቀው።

እነዚህ ቁጥሮች ለ5.7 ሊትር ናቸው። ያው ካም በ6.6 ሊትር ሞተር ላይ የዋህ ይሆናል፣ በ5 ሊትር ላይ ደግሞ ይብሳል። ሲሊንደሩ ሲተልቅ ብዙ አየር ይጠይቃል፣ ቫልቩም ረዘም ላለ ጊዜ ቢከፈት ይችለዋል። የሌላ ሰው መኪና ላይ ያየኸውን ካም ሊትሩን ሳትጠይቅ አትግዛ።

ሎብ ሴፓሬሽን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይህ በማስገቢያና በማስወጫ ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በካም ዲግሪ የሚለካ። «ለታች ጉልበት ሰፊ ሴፓሬሽን ውሰድ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ዱሬሽኑን ሳይነኩ ሴፓሬሽኑን ሲያጠብቡ ማስገቢያው ቀደም ብሎ ይዘጋል። ያም የመካከለኛውን ዙር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ከፍ ያደርጋል። ግን ሁለቱም ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ፣ ኦቨርላፕ፣ አብሮ ይጨምራል። በሚኒሞ ላይ የተቃጠለ ጭስ ወደ ማስገቢያው ይመለሳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቫኪዩሙ ይወርዳል። 264 ዲግሪ በ112 ሴፓሬሽን 40 ዲግሪ ኦቨርላፕ አለው። በ108 ደግሞ 48። 294 በ112 ቢሆንም 70 ነው። ልዩነቱን አየኸው? ዱሬሽኑ ከረዘመ ሴፓሬሽን ማስፋት አያድንህም። ዱሬሽኑ አጭር ከሆነ ግን 110ም 112ም ይሠራሉ። ላንተ ካርቡሬተር 110 እመርጣለሁ። ማኒፎልድ ቫኪዩም እያነበበ ነዳጅ የሚሰጥ ኢንጀክሽን ቢሆን ኖሮ ወደ 112 ወይም 114 እሄድ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በሚወዛወዝ ቫኪዩም ስለሚደናገር።

ስለ ቫኪዩም ካነሳን ፍሬንህን አስብ። የፍሬን መርጃው የሚሠራው በሞተሩ ቫኪዩም ነው። ለስላሳ ካም በሚኒሞ 16 ወይም 18 ኢንች ሜርኩሪ ይሰጣል። ትልልቆቹ 10 አካባቢ ይወርዳሉ። ያኔ ፔዳሉ እንጨት ይሆንብሃል፣ በተለይ በዝግታ ስታቆም ደጋግመህ ከረገጥክ። «ዱብ ዱብ» የሚለው ድምፅ ደስ ይላል፤ ግን ያ ድምፅ የጉልበት ምልክት አይደለም። ሲሊንደሮቹ በሚኒሞ በቅጡ እንዳልተቃጠሉ የሚነግር ድምፅ ነው።

አሁን መኪናህ ላይ እንምጣ። ሞተርህ የሚኖረው የት ነው? የጎማህ ዲያሜትር 66 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በ3.08 ዲፈረንሻልና ከሞተሩ እኩል በሚዞር ከፍተኛ ማርሽ በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሞተሩ 2480 ዙር ገደማ ላይ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ግማሹ፣ 1240። አውቶማቲክ ካምቢዮህ ያለው የፋብሪካ ቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1600 እስከ 1800 ዙር አካባቢ ነው የሚይዘው። በሌላ አነጋገር ሞተርህ ዕድሜውን የሚጨርሰው ከ1200 እስከ 3000 ባለው ውስጥ ነው። ጉልበቱ በ2500 የሚጀምር ካም ገዝተህ በዚያ ክልል መንዳት፣ የከፈልክበትን ጉልበት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ማየት ነው።

«ታዲያ የፈረስ ጉልበቱ አይቀንስም?» ትል ይሆናል። ከላይ ይቀንሳል፣ አልዋሽህም። ኪሎዋት ማለት ቶርክ በዙር ተባዝቶ ለ9549 ሲካፈል ነው። 400 ኒውተን ሜትር በ2000 ዙር 84 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ያው 400 በ5000 ዙር 209 ይሆናል። ለዚህ ነው የካም ማስታወቂያዎች ቶርክን ወደ ላይ ገፍተው ትልቅ የፈረስ ጉልበት የሚያሳዩህ። ካም ግን ከምንም አዲስ ቶርክ አይፈጥርም። ያለ ተርቦ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሞተር በአንድ ሊትር ከ75 እስከ 95 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል። ካም የሚወስነው ያ ቶርክ የት ዙር ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ለምሳሌ ሼቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1985 ኮርቬት ላይ የገጠመው 5.7 ሊትር 447 ኒውተን ሜትር ያወጣ የነበረው በ3200 ዙር ነው። ትንሽ ካም፣ ረጃጅም የማስገቢያ ቱቦዎች። ከ4500 ወዲያ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ከዚያ በታች ግን ዛሬም ተነድቶ አይጠገብም።

ያ ሞተር ሌላም ነገር ያስተምራል። ካም ብቻውን አይሠራም። የማስገቢያ ቱቦ ሲረዝምና ሲጠብ በዝቅተኛ ዙር አየሩ ይፈጥናል፤ የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ሲይዙት እንደሚሆነው። ስለዚህ ለታች ጉልበት ማኒፎልድህ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ዱዋል ፕሌን የሚባለው ይሁን። ነጠላ ሰፊ ሆድ ያለው የውድድር ማኒፎልድ ትክክለኛውን ካም ራሱ ያበላሽብሃል። ቴስታታህን «ለማስፋት» የሚል መካኒክ ካለም አቁመው። ጭስ ማውጫውን በተመለከተ፣ ሞተር ቶርክ እንዲኖረው ጭሱ መታፈን አለበት የሚለው ተረት ነው። የሚፈለገው ፍጥነት እንጂ መታፈን አይደለም። ባለ 41 ሚሊ ሜትር ሄደር (የጭስ ማውጫ ቱቦዎች) ላንተ ይበቃል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በ1.27 ሚሊ ሜትር መለኪያ ማስገቢያው ከ206 እስከ 212 ዲግሪ የሆነ ካም ፈልግ። ማስወጫው ከዚያ ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ቢበልጥ ጥሩ ነው፤ የዚህ ሞተር የድሮ ቴስታታዎች ጭስ ማስወጣት ላይ ደካማ ናቸው። ሴፓሬሽኑ 110፣ ሊፍቱ 11 ሚሊ ሜትርና ትንሽ ከፍ ያለ። ከአምራቹ 4 ዲግሪ ቀድሞ የተቀረጸ ይሁን፤ አብዛኞቹ የመንገድ ካሞች እንደዚያ ናቸው። ማስገቢያው ታች ከተደረሰ ከ60 ዲግሪ ሳያልፍ መዝጋቱን ከካሙ ጋር ከሚመጣው የመለኪያ ካርድ ላይ አረጋግጥ። በሁለት ካሞች መካከል ከተወዛገብክ ትንሹን ውሰድ። ትንሹን ወስዶ የተጸጸተ ሰው ከስንት አንዴ ነው። ትልቁን ወስደው ኮንቨርተርና ዲፈረንሻል ለመቀየር የተገደዱ ግን ሞልተዋል።

የብሎክህን ዘመንም አጣራ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ብዙዎቹ የዚህ ሞተር ብሎኮች ለሮለር ታፔት የተዘጋጁ ናቸው። ያንተ ከሆነ ሮለር ካም ግዛ። ሮለሩ ቫልቩን በፍጥነት ከፍቶ በፍጥነት ስለሚዘጋው በዚያው ዱሬሽን ብዙ አየር ያስገባል፤ ካሙም ቶሎ አይበላም። ብሎክህ ከዚያ በፊት ከሆነና በጠፍጣፋ ታፔት ከሄድክ ሁለት ነገር አትርሳ። የድሮ ታፔት በአዲስ ካም ላይ በፍጹም አይገጠም። አዲሱ ካም ደግሞ መጀመሪያ ሲነሳ በሚኒሞ መተው የለበትም። ወዲያው ወደ 2000 ወይም 2500 ዙር ይውጣና ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ዙሩ ከፍ ዝቅ እየተደረገ ይቆይ። በሚኒሞ ዘይት ጉብታዎቹ ላይ በቂ ሆኖ አይረጭም። የዛሬ ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን ለመጠበቅ ሲባል ዚንክና ፎስፈረሳቸው ስለተቀነሰ፣ ለማለማመጃ የተሠራ ዚንክ ያለው ዘይት ተጠቀም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የተበላሸ ካም ብረቱን በሙሉ ሞተር ውስጥ ይበትናል፤ ያኔ ካም ብቻ ሳይሆን ቦሮንዚኑም ይሄዳል።

ስትገጥም ካቴናው ላይ ያሉትን ነጥቦች አገናኝተህ አትለፍ። ካሙን በዲግሪ ዲስክ አስለካ። ፒስተኑ በትክክል ላይ የሚደርስበትን ነጥብ በማቆሚያ ፈልግ፤ ከዚያ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካው መሣሪያ) የማስገቢያውን ታፔት በሁለቱም ወገን 1.27 ሚሊ ሜትር ላይ ያዝ። የሁለቱ ንባቦች መሃል የጉብታው ማዕከል ነው። ካርዱ 106 ብሎ አንተ 110 ካገኘህ ካሙ 4 ዲግሪ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ማስገቢያውም 4 ዲግሪ ዘግይቶ ይዘጋል። የገዛኸው የታች ጉልበት በዚያ ይፈስሳል። ካሙን ስታስቀድም ደግሞ የማስገቢያ ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ይቀርባል። ሊጥ ወይም ፕላስቲሲን ፒስተኑ ላይ አድርገህ ሞተሩን በእጅ አዙር፣ ቆርጠህ ለካው። ለማስገቢያው ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው 2.5 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት።

አንድ ነገር ግን ካሙን ከማዘዝህ በፊት እንድታደርግ እፈልጋለሁ። ሞተሩን ሳትፈታው አሁን ያለበትን ሁኔታ ለካ። የኢግኒሽን ታይሚንጉ (ብልጭታው ፒስተኑ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚነሳበት ዲግሪ) በሚኒሞ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ፣ በከፍተኛው ከ34 እስከ 36 አካባቢ መሆኑን እይ። የቫኪዩም አድቫንሱ መሥራቱን አረጋግጥ። የቫልቭ ሽፋኑን ከፍተህ በዳያል ጌጅ የእያንዳንዱን ሮከር እንቅስቃሴ ለካ። ማስገቢያውን ከማስገቢያ፣ ማስወጫውን ከማስወጫ ጋር ስታወዳድር አንዱ ከሌሎቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰ የፋብሪካ ካምህ ተበልቷል ማለት ነው፤ ከታች ያጣኸው ጉልበትም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ካሙ ጤነኛ ሆኖ ታይሚንጉ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ ካገኘኸው መጀመሪያ እሱን አስተካክልና አንድ ሳምንት ንዳው። ከዚያ በኋላም ከ1500 ዙር የሚጎትተው አልበቃ ካለህ 206ቱን ካም እዘዝ።